ዘጠኝ ቁጥር ጠረጴዛ

ይህን መጽሔት ያነሳችሁት እንደኔ ከሆነ፣ እንጀራና በርበሬ ልትገዙ ገብታችሁ ሂሳብ ስትከፍሉ ካሸሯ አጠገብ ተደርድሮ አይታችሁት ነው። እኔ በየወሩ አንዱን ለቤት፣ አንዱን ለሥራ ቦታ እወስዳለሁ። ልጅ የምታሳድጉ እናትና አባቶች እንደምታነቡት ስለማውቅ ነው ዛሬ ደፍሬ የጻፍኩት። ጸሐፊ አይደለሁም። ሳን ሆዜ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ትንሽ የሐበሻ ምግብ ቤት ያለችኝ ሴት ነኝ።

ምግብ ቤታችን 11 ጠረጴዛ አለው። ከኩሽናው በር አጠገብ ያለው ዘጠኝ ቁጥር ግን እሁድ ከሰዓት ለደንበኛ አይሰጥም። ቤቱ ቢሞላ፣ ሰው በር ላይ ቆሞ ቢጠብቅም አይሰጥም። አንድ ቀን የማከብራቸው አንድ ሽማግሌ፣ "ይሄ ማን የሚሉት ትልቅ ሰው ነው እንዲህ የሚጠበቅለት?" ብለው ተቆጡኝ። ያን ቀን ሥራ በዝቶብኝ አልመለስኩላቸውም። ጋሼ፣ መልሱ ይኸውላችሁ።

ሽሮውን የምትሠራልኝ፣ እንጀራውን ከምጣድ የምታወጣልኝ ሴት ሜክሲኳዊት ናት፤ ከሚቾአካን። አስተናጋጆቹ በሙሉ "እቴቴ" ነው የሚሏት፤ እሷም ለምዳው ስልክ ስታነሳ "ሄሎ፣ እቴቴ ነኝ" ትላለች። (ሽሮዋ ከኔ ሽሮ ይበልጣል፤ ይህን ግን ለደንበኞቼ አትንገሩብኝ።) ወደ እኔ ከመምጣቷ በፊት ከባሏ ጋር ብዙ ዓመት እርሻ ላይ ሠርታለች፤ ዋትሰንቪል እንጆሪ፣ ሳሊናስ ሰላጣ። ከኛ ከተማ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በሃይዌይ ስታልፉ ፊታቸውን በሻርፕ ሸፍነው፣ ጎንበስ ብለው በረድፍ የሚታዩት ሰዎች እነሱ ናቸው።

ሰላጣ እንደ ሰው አየር ይመርጣል። ኖቬምበር ገደማ ሳሊናስ ሲበርድ ሥራው እንዳለ ወደ ዩማ፣ አሪዞና ይዛወራል፤ ጸደይ ሲመጣ ደግሞ ይመለሳል። ሠራተኛውም ሰላጣውን ተከትሎ ይሄዳል። ልጅ ያለው ልጁን ከትምህርት ቤት አስወጥቶ ይዞ ይሄዳል፣ ይዞ ይመለሳል።

የእቴቴ ልጅ ያኔ 12 ዓመቷ ነበር። እናቷ ሥራ እስክትጨርስ ዘጠኝ ቁጥር ላይ ትቀመጣለች። አንድ እሁድ ሻይ ላደርግላት ስሄድ ደብተሯ ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች። ምን ሆንሽ አልኳት። በስፓኒሽ እናቷን እንደምትጠራው ሳይሆን፣ "ቲያ" ነው የምትለኝ፤ አክስቴ ማለት ነው።

"ቲያ፣ ከሳሊናስ ስንወጣ ክፍልፋይ አልተጀመረም ነበር። ዩማ ስንደርስ ጨርሰውታል። ስንመለስ ሳሊናስም ጨርሶ ጠበቀኝ። እኔ ክፍልፋይን የትም አልተማርኩም።"

የያዝኩትን ትሪ አስቀመጥኩና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እኔም ክፍልፋይን የትም አልተማርኩም ነበርና። ያመለጠኝ ጥጥ ስለቅም ነው።

የተወለድኩት በ1963 ዓ.ም. ወሎ፣ ሐይቅ አካባቢ ገጠር ነው። አባቴ የነበረችው መሬት ለሰባት አፍ አትበቃም ነበር። ስለዚህ የደረሰውን እህል አያቴና አጎቴ እንዲሰበስቡ ትቶ፣ በጥቅምት እኔንና እናቴን ይዞ በባቲ በኩል በጭነት መኪና ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። አዋሽ ዳር፣ ዱብቲ፣ የተንዳሆ የጥጥ እርሻ አለ። ያኔ የመንግሥት እርሻ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ስወርድ ስምንት ዓመቴ ነው። መኪናው ቁልቁል በወረደ ቁጥር አየሩ ሲሞቅ፣ አንድ ሰው ምድጃ የከፈተብን መስሎኝ ነበር።

ጥጥ ሲታይ እንደ ደመና ነው። ሲለቀም ግን የደረቀው ፍሬ ቅርፊት ጫፉ እሾህ ነው፤ የጥፍርን ሥር ይሰነጥቃል። ገና ሳይነጋ እንነሳለን፣ ፀሐዩ ከመክረሩ በፊት የቻልነውን ያህል እንለቅማለን። ክፍያው በኪሎ ነው። የኔ ጥጥ ከአባቴ ጋር ይመዘናል፣ መዝገብ ላይ የሚጻፈው የአባቴ ስም ነው። በሚዛን ስሌት እኔ የለሁም ማለት ነው። (አሜሪካ ስመጣ ይሄ የኛ አገር ጉድ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ እዚህም እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ ያለው የሥራ ሕግ ሌላ ቦታ የሚከለክለውን ለእርሻ ይፈቅዳል፤ 12 ዓመት የሞላው ልጅ ወላጁ ከፈቀደ ከትምህርት ሰዓት ውጪ እርሻ ላይ ሊቀጠር ይችላል።)

በሁለተኛው ዓመት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ካምፑ ድረስ ደርሶ ነበር። ማታ ማታ በፋኖስ እናቴ ከሌሎች ለቃሚዎች ጋር ሀ ሁ ትላለች፤ እኔ ጭኗ ላይ ተኝቻለሁ። እናቴ ፊደል የቆጠረችው እኔ ትምህርት ባቋረጥኩበት ቦታ ነው። እስከ ዛሬ ይህን ሳስብ ልሳቅ ወይስ ላልቅስ አላውቅም።

ወደ ሰፈራችን የምንመለሰው በጥር መጨረሻ ነው። ክፍል ስገባ የመጀመሪያው መንፈቅ አልቋል። ሦስት ዓመት እንዲህ ሆነ። ማንበብ እንደምንም ይዣለሁ፤ መጽሐፍ የትም ቦታ ይነበባል። ሒሳብ ግን እንደ ግድግዳ ነው፣ ከሥር አንድ ረድፍ ድንጋይ ከጎደለው የላዩ አይቆምም። ሦስተኛ ክፍል አስተማሪያችን ጥቁር ሰሌዳ ላይ አውጥተው አንድ ጥያቄ ሰጡኝ፤ ሁለት ሦስተኛ ሲደመር አንድ ሩብ። የላዩን ከላዩ፣ የታቹን ከታቹ ደምሬ ሦስት ሰባተኛ ብዬ ጻፍኩ። ክፍሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። "ጥቅምት የት ነበርሽ?" አሉኝ። "ጥጥ።" "ኅዳርስ?" "ጥጥ።"

በሳምንቱ ቅዳሜ በእግራቸው አንድ ሰዓት ተጉዘው ቤታችን መጡ። አባቴ አስተማሪ ሲመጣ ልጁ አጥፍታ መሰለውና ዱላ ያዘ። እሳቸው መደብ ላይ ተቀምጠው እናቴ የቀዳችላቸውን ጠላ ሳይነኩ፣ "ይህች ልጅ አንድ ዓመት ሙሉ ሳትነቀል አንድ ቦታ ትቀመጥ። ሌላ ምንም አልጠይቃችሁም" አሉ።

አባቴ ምንም አላለም። እንግዳውን ሸኝቶ ተመለሰ፣ ሦስት ቀን ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን ራት ላይ፣ "አንቺ ከአያትሽ ጋር ትቀሪያለሽ" አለኝ። ከዚያ ስምንት ዓመት ወደሞላው ታናሽ ወንድሜ ዞሮ፣ "አንተ ትመጣለህ" አለው።

ኪሎው መሙላት ነበረበት። ወንድሜ ደስ አለው፤ መኪና ሊሳፈር ነው።

እኔ ሐይቅ ተማርኩ፣ ደሴ ወይዘሮ ስሒን 12ኛን ጨረስኩ። የ1977ቱን ድርቅ እዚህ አልተርከውም፤ ያየው ያውቀዋል። አዲስ አበባ ሆቴል ኩሽና ሠራሁ፣ ዲቪ ደረሰኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ገባሁ። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ማታ አካውንቲንግ ጀምሬ ሁለት ዓመት ያህል ተማርኩና ሥራ ሲበዛ አቋረጥኩ። ያቺ ትምህርት ናት ዛሬ ምግብ ቤቱን ያቆመችው፤ ባለሙያ የሆንኩት በሽሮ ሳይሆን በሂሳብ ነው። ወንድሜ ግን ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም። በመጀመሪያው ዓመት ወባ ይዞት ተመለሰ፣ በሁለተኛው ዓመት እንደገና ሄደ፣ ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤቱም እሱም ተረሳሱ።

እንዲያ ያለ አስተማሪ የገጠመኝ እኔን ብቻ ይመስለኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ስለ ሆሴ ሄርናንዴዝ የተሠራው ፊልም ሲወጣ የእቴቴ ልጅ "ቲያ፣ የግድ ታዪዋለሽ" አለችኝና ምግብ ቤቱን ከዘጋን በኋላ ዘጠኝ ቁጥር ላይ ላፕቶፕ ከፍተን ሦስታችን አየነው። ሰውዬው የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1962 እዚሁ ካሊፎርኒያ ነው። ወላጆቹ ልክ እንደ እቴቴ ከሚቾአካን የመጡ፣ ከሦስተኛ ክፍል ያላለፉ የእርሻ ሠራተኞች ናቸው። አራት ልጆች ይዘው ሰብል እየተከተሉ ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው ይዞራሉ፣ ክረምት ሲገባ ሜክሲኮ ይመለሳሉ። ልጁ እንግሊዝኛ በቅጡ የቻለው 12 ዓመቱ ላይ ነው። ሁለተኛ ክፍል እያለ አስተማሪዋ ቤታቸው ድረስ ሄዳ ወላጆቹን፣ ልጆቻችሁን አንድ ቦታ አስቀምጧቸው ብላ ለመነች። እነሱም ስቶክተን ላይ ተረጋጉ።

እዚህ ቦታ ላይ እቴቴ ፊልሙን አቁሙት አለች። ተነስታ ኩሽና ገባች፤ ቆይታ መጣች።

የቀረውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁት ይሆናል። ሁለተኛ ደረጃ ሊጨርስ ሲል የሹገር ቢት እርሻ ሲኮተኩት ፍራንክሊን ቻንግ ዲያዝ የሚባል የኮስታሪካ ተወላጅ ለጠፈርተኝነት መመረጡን በሬዲዮ ሰማ። ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተማረ። ናሳ 11 ጊዜ አልቀበልም አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ተቀበለው፤ በ2009 በዲስከቨሪ መንኮራኩር ወደ ጠፈር ወጣ። ለኔ ግን የታሪኩ ትልቁ ክፍል መንኮራኩሩ አይደለም። ያ አባት ስቶክተን ለመቀመጥ ሲወስን፣ በዚያ ክረምት ምን ሊበሉ እንደሆነ ማን ነገረው? ፊልም ላይ ይሄ በአንድ ደቂቃ ያልፋል። የኔ አባት ሦስት ቀን ፈጅቶበታል። (ደግሞ የጠፈርተኛው ሚስት ሂውስተን፣ ናሳ አጠገብ የሜክሲኮ ምግብ ቤት ከፍታ ነበር። ይህን ስሰማ ሙያችን ከፍ ያለ መሰለኝ።)

እቴቴም ዋጋውን ከፍላለች። እኔ ጋ እቃ አጣቢ ሆና የተቀጠረችው ልጇን አንድ ትምህርት ቤት ለማቆየት ነው። ባሏ ግን እስከ ዛሬ ክረምት ክረምት ብቻውን ዩማ ይሄዳል። አምስት ወር ያለ ባል፣ ያለ አባት። ልደት በስልክ ነው የሚከበረው።

አሁን ደግሞ የኔን ጉድ ልንገራችሁ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ እሱ ነው።

ከኮቪድ በኋላ ሠራተኛ ጠፋ። ልጄ 14 ዓመቱ፣ ዘጠነኛ ክፍል ነበር። "ቤተሰብ አይደለን?" አልኩና አስገባሁት። መጀመሪያ ቅዳሜ ብቻ፣ ከዚያ ዓርብ፣ ከዚያ ሐሙስ። ሌሊት አምስት ሰዓት ተኩል ድረስ እቃ ያጥባል፣ ቆሻሻ ያወጣል። የጤና ተቆጣጣሪ ሲመጣ እሱ ነው የሚያናግረው፤ የእንግሊዝኛው ደብዳቤ ሲመጣ እሱ ነው የሚያነበው። ክፍል ውስጥ እያለ ቴክስት አደርግለት ነበር፤ "ማሙሽ፣ ይሄ ሰውዬ ምን እያለ ነው?" እያልኩ። ሰው ሲጠይቀኝ በኩራት፣ "ልጄ ያግዘኛል፣ ጨዋ ነው" እላለሁ። ሰውም ይመርቀኛል።

ከትምህርት ቤቱ ስልክ ተደወለ። አልጀብራ ወድቋል፣ ጠዋት ክፍል ውስጥ ይተኛል። ለስብሰባ ጠሩኝ። አስተርጓሚ ማን ሆነ? እሱ ራሱ! አስተማሪዋ ስለ እሱ የምትለውን እሱ ነው ለኔ የሚተረጉመው። "ጎበዝ ነህ፣ ትንሽ ብቻ በርታ እያለች ነው" አለኝ። አመንኩት። ሁለት ዓመት ኮሌጅ የተማርኩት ሴትዮ!

እቴቴ ናት የያዘችኝ። አንድ ዓርብ ሌሊት ልጁ እቃ ማጠቢያው ላይ ቆሞ ሲያንጎላጅ አየችውና፣ ጓንቱን ከእጁ አውልቃ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። አማርኛዋ የኩሽና አማርኛ ነው፣ እንግሊዝኛዋም እንደኔው ነው። ግን ያለችው በደንብ ገባኝ። "ያንቺ ጥጥ ሳህን ነው" አለችኝ።

ስለ ጥጡ እኔው ነኝ የነገርኳት። ያን ሌሊት ተናድጄባት ነበር፣ አልዋሻችሁም። ማን ናት ስለ ልጄ የምትነግረኝ አልኩ። ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ የአባቴ ሦስት ቀን ትዝ አለኝ። አባቴ ሌላ አማራጭ አልነበረውም፤ ሚዛኑ ፊት የሚያቆመው ልጅ ያስፈልገዋል። እኔ ግን የነበረኝ ስስት ነው።

ለሐሙስ፣ ዓርብና ቅዳሜ ማታ አጣቢ ቀጠርኩ። በወር 1,700 ዶላር ይወስድብኝ ነበር፤ ያንን ዓመት የምግብ ቤቱ ወንበሮች ሳይታደሱ ከረሙ። ልጁ እሁድ ከሰዓት ከእቴቴ ልጅ ጋር ዘጠኝ ቁጥር ላይ መቀመጥ ጀመረ። አልጀብራውን በሰመር ደገመው። ጠፈርተኛ አልሆነም፤ ዛሬ ኤሌክትሪሺያንነት እየተማረ ነው፣ ማቀዝቀዣዬ ሲበላሽ ግን አሁንም "ሰው ጥሪ" ነው የሚለኝ። እሷ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች።

እንዴት እንደገባች ልንገራችሁ፣ ለአንዳንዶቻችሁ ሊጠቅም ስለሚችል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ሰብል እየተከተሉ ለሚዘዋወሩ ቤተሰቦች ልጆች የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ አለ። ከ3 እስከ 21 ዓመት ያሉትን ያቅፋል፤ ቤተሰቡ ለሥራው ከተዛወረ 3 ዓመት እስኪያልፍ ይቆያል። እርሻ ብቻ አይደለም፤ የወተት ከብት፣ ዓሣ ማስገር፣ ሥራው ጊዜያዊ ወይም ወቅታዊ ከሆነ የዶሮና የሥጋ ፋብሪካም ሊገባ ይችላል። ሥጋ ፋብሪካ የምትሠሩ ወገኖቻችን ስንት ናችሁ? የልጆቻችሁን ትምህርት ቤት ጠይቁ። ለኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ደግሞ ካምፕ የሚባል ሌላ ፕሮግራም አለ፣ በ1972 የተጀመረ፤ ለዜጎችና ግሪን ካርድ ላላቸው። እሷ በሱ ነው የገባችው፤ አባቷ ሰላጣ ላይ በመቆየቱ።

ወረቀት ስለሌለን ልጃችንን ትምህርት ቤት አይቀበሉትም ብላችሁ የምትፈሩም ካላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በወረቀት ምክንያት ልጅን ከሕዝብ ትምህርት ቤት መከልከል አይቻልም ብሎ ወስኗል። ለወላጅ ስብሰባም አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው፣ በነፃ። ልጃችሁን ስለራሱ አታስተርጉሙት። እኔ ያደረግኩትን ነው የምነግራችሁ።

የቀረኝ ወንድሜ ነው። ሐይቅ ነው የሚኖረው፤ ከአባታችን የወረሳትን መሬት ያርሳል። ከዚያ የእቴቴ ሌሊት በኋላ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩት። አርባ ዓመት ያልተባለ ነገር ነው። መጀመሪያ ስለ ምን እንደምናገር አልገባውም። ሲገባው ሳቀና፣ "ታዲያ ጥጡን ማን ይልቀምልን ነበር?" አለኝ። ከዚያ ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ፣ ሃሎ" ስል፣ "አለሁ" አለ። "አስተማሪው እኮ እኔንም አንድ ቀን ጠርተውኝ ነበር። አልሄድኩም፤ አባባ ይቆጣል ብዬ።"

ይህን አላውቅም ነበር።

የመጨረሻ ልጁ ዘንድሮ ስድስተኛ ክፍል ናት። አንድም ቀን እንድትቀር አልፈቀደም፤ ለአጨዳም ቢሆን። ባለፈው እሁድ በቪዲዮ ሲደውሉ ምግብ ቤቱ ሞልቶ ነበርና ስልኩን ለልጄ ሰጥቼው ሄድኩ። ስመለስ ዘጠኝ ቁጥር ላይ ስልኩን ከጨው መያዣው ጋር አስደግፎ፣ ናፕኪን ላይ መስመር አስምሮ ያስረዳታል። አማርኛው አልበቃው ብሎ ላብ በላብ ሆኗል። ወንድሜ ከልጅቷ ኋላ ቆሞ አንገቱን አስግጎ ያያል።

"ማሚ" አለኝ ልጄ፣ "ከታች ያለው ቁጥር በአማርኛ ምን ይባላል?"

"ታሕት" አልኩት። "የላዩ ላዕል፣ የታቹ ታሕት።"

ከስልኩ ውስጥ ወንድሜ ቀስ ብሎ ደገመው።